ማሪዮ ፈጠነብኝ

የአርባ ዓመት ሰው ምን እንደሚያምረው አይታወቅም። አንዱ ጓደኛዬ በዚህ ዕድሜው ፈረስ ግልቢያ ተመዘገበ፤ ሌላው ንብ አነባለሁ ብሎ ፊቱ አብጦ ሰነበተ። እኔን ያማረኝ፣ ልጅ ሳለሁ አክስቴ ከጅዳ ይዛልን በመጣችው የቴሌቪዥን ጌም የተጫወትኩት ማሪዮ ነው። ከምኞት ተራ የሚገባ እንኳ አይመስልም። ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ ከነሙዚቃው፣ ከነኤሊው፣ ከነደመናው 40 ኪሎባይት ነው። በበዓል ዋዜማ በቴሌግራም የሚላክልን አንድ የአበባ ሥዕል ብቻውን ከዚያ ይበልጣል። ደመናውና ቁጥቋጦውም ቢሆኑ አንድ ሥዕል ናቸው፤ ቦታ ለመቆጠብ ሲባል ቀለማቸው ብቻ ተለውጦ አንዱ ሰማይ ላይ፣ አንዱ መሬት ላይ ተቀምጧል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ያንን ደመና እንደ ድሮው አምኜው አላውቅም። ለዚህች 40 ኪሎባይት ነው እንግዲህ ያ ሁሉ መከራ።

ጦሱን ይዞ የመጣው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው ያጎቴ ልጅ ነው። ልጆች ሆነን በዚያች ጌም የምንጣላው ከሱ ጋር ነበር። ለፋሲካ ሲመጣ ከሽቶውና ከቫይታሚኑ መሀል መታወቂያ የምታህል አንዲት አረንጓዴ ሰሌዳ አወጣና ጭኔ ላይ አኖራት። ፍተሻ ላይ ምን እንደሆነች ቢጠይቁት «ኮምፒውተር ናት» ብሏል። «ስክሪኑስ?» የለውም። «ኪቦርዱስ?» የለውም። «ታዲያ ምኑ ነው ኮምፒውተር?» ፈታሹ እውነቱን ነው፤ ቆይቼ እኔም ያንኑ መጠየቄ አልቀረም።

ስሟ ራስፕቤሪ ፓይ ይባላል። ኢበን አፕተን የሚባል ብሪታንያዊና የካምብሪጅ ባልደረቦቹ ናቸው የፈጠሯት። ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት ልጆች ፕሮግራም መጻፍ ሳይለማመዱ መምጣታቸው ስላሳሰባቸው፣ ማንም ቤተሰብ ለልጁ ሊገዛው የሚችል ርካሽ ኮምፒውተር ሠርተው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 በ35 ዶላር ለገበያ አቀረቡት። ዓላማው የተቀደሰ ነው። ዓለም በደስታ ተቀበላትና ማሪዮ ጫነባት። የኔዋ በ2016 የወጣችው ሦስተኛዋ ትውልድ ናት፤ አራት ልብ ያለው 1.2 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር፣ አንድ ጊጋባይት ራም። ማሪዮ የተሠራለት የኒንቴንዶ ማሽን ፋሚኮም በ1983 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ የነበረው ፍጥነት ወደ 1.79 ሜጋኸርዝ፣ ራሙ ደግሞ 2 ኪሎባይት ነበር። ያጎቴ ልጅ ይህን ልዩነት ጠቅሶ «ተኝታም ትጫወተዋለች» አለኝ። ሬትሮፓይ የሚባለውን ነፃ ሥርዓት ከኢንተርኔት ታወርዳለህ፣ ሚሞሪ ላይ ትጽፈዋለህ፣ ሚሞሪውን ፓይዋ ላይ ትሰካለህ፣ በኤችዲኤምአይ ከቴሌቪዥኑ ጋር ታገናኛታለህ፣ አለቀ። አለቀ ብሎኝ በማግስቱ በረረ።

ፓይዋ ቻርጀር ይዛ አልመጣችም። የስልክ ቻርጀር ይሆናታል ተብሏል፤ የስልክ ቻርጀር ደግሞ እኛ ቤት ከሹካ ይበዛል። ሰካኋት። ቀይዋ መብራት በራች፣ አረንጓዴዋ ብልጭ ድርግም አለች፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ማንም የማያነበው ጽሑፍ እየተግተለተለ ወረደ። የእህቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጧል። አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ከኔ ይበልጥ ያውቃል፤ ደግነቱ በትሕትና ነው የሚያውቀው።

«ጋሼ፣ መብረቅ።»

ወደ መስኮቱ ዞርኩ። «የታለ?»

«ቲቪው ላይ።»

እውነትም ከላይ በቀኝ ጥግ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ብቅ ጥልቅ ትላለች። ፓይዋ ራበኝ ማለቷ ነው። የምትፈልገው 5 ቮልት ሲሆን ከ4.63 ገደማ በታች ሲወርድባት ያችን መብረቅ ታወጣለች፤ የሚሰማት ካጣች ራሷን ለማትረፍ ሥራዋን ታዘገማለች። ለሦስተኛዋ ትውልድ 2.5 አምፔር የሚሰጥ ቻርጀር ይመከራል። የኛዎቹ አብዛኞቹ 1 አምፔር ናቸው፤ የቀሩት ጀርባቸው ላይ የተጻፈው ሌላ፣ የሚሰጡት ሌላ። ገመዱም ሌባ ነው፤ ቀጭን ከሆነ ቮልቱን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። በዚህ ሁኔታ የተከፈተ ማሪዮ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፦ ሙዚቃው ይንተባተባል፣ ሰውዬው አየር ላይ ትንሽ ያስብና ይወርዳል።

መርካቶ ወረድኩ።

«ኦሪጅናል ቻርጀር አለ?»

«አለ ወንድሜ። ኦሪጅናሉን ነው ወይስ ዋናውን ኦሪጅናል?»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

«ዋናው ይሠራል።»

ዋናውን ከወፍራም ገመድ ጋር ገዛሁ፤ በእውነትም ሠራ። እግረ መንገዴን ከጎኑ ካለው ሱቅ 64 ጊጋ ሚሞሪ ጨመርኩ፤ ቤት ያለው 8 ጊጋ ነበርና ለሰፊ ምኞት ጠበበኝ። ሬትሮፓይን አዲሱ ላይ ጻፍን፣ ጨዋታ ጨመርን፣ ሁሉም ሰላም ነበር። ሌላ ጨመርን። ደግሞ ጨመርን። ከዚያ ፓይዋ ስትበራ የቀስተ ደመና ቀለም ያለው አራት ማዕዘን አሳይታን እዚያው ቀረች። የእህቴ ልጅ የሠራውን ሁሉ ከመጀመሪያው ሠራ፤ መጨረሻው ያው ቀስተ ደመና።

ሚሞሪው ሐሰተኛ ነበር። እንዴት እንደሚሸውድ ስረዳ ከመናደዴ ይልቅ ተደነቅሁ። ጥቂት አልጋ ብቻ ያለው ሆቴል ስልሳ አራት ክፍል አለኝ ብሎ እንግዳ እየመዘገበ፣ አልጋው ሲሞላበት የመጀመሪያውን እንግዳ በጓሮ በር አስወጥቶ አዲሱን ቢያስተኛ፣ መዝገቡ ላይ ግን ሁሉም ተኝተዋል ቢል ማለት ነው። ውስጡ ያለችው መቆጣጠሪያ ቺፕ ለኮምፒውተሩ «64 ነኝ» ብላ ትምላለች። ትንሿ ቦታ ስትሞላ አዲሱ ፋይል በአሮጌው ላይ ይጻፋል፤ ቀድሞ የተጻፈው ደግሞ ፓይዋ የምትነሳበት ዋናው ሥርዓት ነው። አስተማማኝ ማወቂያ አለው፤ ሚሞሪውን ጢም እስኪል በታወቀ ነገር ሞልቶ መልሶ የሚያነብ መፈተሻ ፕሮግራም አለ፣ እሱን ለቅቆ መተኛት። ጠዋት ስንነሳ የተነበበው 7 ጊጋ ብቻ ነው። ይዤው ተመለስኩ።

«ወንድሜ፣ ስልክ ላይ ስትከተው 64 አይልም?»

«ይላል።»

«እና?»

ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ።

በሌላ ሚሞሪ ሁሉም ነገር ተነሳ። ግን ባዶ ነው። ሬትሮፓይ ጨዋታ ይዞ አይመጣም፤ አይችልምም። ይዞ የሚመጣው ኢሙሌተሮቹን ብቻ ነው፤ ማለትም የድሮውን ማሽን አካሄድ እርምጃ በእርምጃ እየደገሙ ጨዋታውን «አሁንም ፋሚኮም ውስጥ ነህ» ብለው የሚያታልሉትን ፕሮግራሞች። ማታለሉ ሕጋዊ መሆኑ በፍርድ ቤት ጭምር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1999 ኮኔክቲክስ የተባለ ኩባንያ የፕሌይስቴሽን ጨዋታ በማኪንቶሽ ላይ የሚያጫውት ፕሮግራም ቢያወጣ ሶኒ ከሰሰው፤ በ2000 የአሜሪካ ዘጠነኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት ለኮኔክቲክስ ፈረደ። ሶኒ ምን አደረገ? ፕሮግራሙን ራሱ ገዝቶ ዘጋው። ጨዋታዎቹና ማሽኑ ውስጥ ያለው ባዮስ ግን ባለቤት አላቸው፤ እኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ስለዚህ ጨዋታዎቹን ከየት እንዳገኘሁ የሚጠይቀኝ አንባቢ ካለ፣ እዚህ ላይ ወደሚቀጥለው አንቀጽ አብረን እንለፍ።

ከማለፋችን በፊት አንድ ነገር ብቻ። የኛ ትውልድ በዚህ ነገር እጁ ንጹሕ ሆኖ አያውቅም። የሰፈራችን ጌም ቤት ውስጥ ኦሪጅናል የፕሌይስቴሽን ዲስክ ሆዱ ጥቁር እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ የምናውቀው ሁሉ ብርማ ቅጂ ነው። ማሽኑ ሲያረጅና ዲስክ አላነብ ሲል ባለቤቱ ገልብጦ በጀርባው ያስተኛዋል፣ ያነባል። የእግር ኳሱን ጌም ዊኒንግ ኢለቨንን የተጫወትነው በጃፓንኛ ነው፤ የትኛው መስመር ላይ አጥቂ እንደሚቀየር ፊደሉን ሳናውቅ ቦታውን በቃላችን ይዘን። አንድ የታሪክ ተቋም፣ የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው ዛሬ በገበያ አይገኝም ብሏል። ተቀድቶ የቀረው ነው የቀረው። ይህን የምለው ለመከላከያ ይሆነኝ እንደሆነ ብዬ ነው።

የጆይስቲኩን ነገር ባልፈው ደስ ባለኝ፤ ግን ሚሞሪውን ሁለተኛ የገደለው እሱ ነው። ሬትሮፓይ መጀመሪያ ሲከፈት እያንዳንዱን ቁልፍ አንድ በአንድ ያስተዋውቃል፦ ላይ ተጫን፣ ታች ተጫን፣ ኤ፣ ቢ፣ ስታርት፣ ሴሌክት። ከጨዋታ የሚወጣው ሴሌክትና ስታርት አብረው ሲጫኑ ነው። የገዛነው ጆይስቲክ ሴሌክቱ ለጌጥ ነው የተቀመጠው፤ ቢጫኑት ቃል አይተነፍስም። ስለዚህ ጨዋታ መግባት ይቻላል፣ መውጣት አይቻልም። ፓይ ደግሞ እስከ አራተኛዋ ትውልድ ድረስ ማብሪያ ማጥፊያ የላትም፤ ያለው አማራጭ ከዲቫይደሩ መንቀል ነው። እየጻፈች ሳለ የተነቀለች ፓይ ሚሞሪዋ ይበላሻል። መብራትም በፈንታው የራሱን አዋጥቷል። የእህቴ ልጅ በመጨረሻ መውጫውን ወደማያስፈልገን ሌላ ቁልፍ አዛወረውና፣ ሚሞሪውን እንዳለ ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ መጠባበቂያ አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ከአሁን በኋላ ቢሞትም ችግር የለም» አለኝ፤ ሐኪም እንዲህ ቢለኝ እደነግጥ ነበር።

እንግዲህ ማሪዮ ተከፈተ። የቆየሁለት ሰዓት ይኸው። ቡና ተፈልቶ፣ እማዬ ልትጠይቀን መጥታ፣ ሁሉም በተሰበሰበበት ጆይስቲኩን ያዝኩ። ሮጥኩ። ያቺ የመጀመሪያዋ እንጉዳይ መሳይ ፍጡር፣ በዓለም ላይ ካሉ ጠላቶች ሁሉ የመጨረሻዋ ደካማ፣ መጥታ ገደለችኝ። እንደገና። አለፍኳት፣ ጉድጓድ ገባሁ። እንደገና። እጄ የሚያውቀው ቦታ ላይ ይዘላል፤ ሰውዬው ግን እዚያ ቦታ የደረሰው ቀድሞ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ልሞክር?» አለና እስከ አራተኛው ደረጃ ድረስ ሳይሞት ሄደ።

ዕድሜ ነው ብለን ዝም ማለት ይቻል ነበር። እኔ ግን ፓይዋን ጠረጠርኩ። ደግነቱ የእህቴ ልጅ በዚያው ሰሞን አባቱ ከጓንዡ ያስመጣለት በእጅ የምትያዝ ጌም ነበረችው፤ 3.5 ኢንች ስክሪን፣ ሸሚዝ ኪስ የምትገባ፣ ማሸጊያዋ ላይ ከ10,000 በላይ ጨዋታ የሚል። ቁጥሩን ሳይ አሮጌ ወዳጅ ያየሁ መሰለኝ። የጅዳዋ ጌማችን ይዛው የመጣችው ቢጫ ካሴት ላይ 9999999 ይል ነበር። ያጎቴ ልጅና እኔ ተቀምጠን ቆጠርነው፦ ማሪዮ፣ ከሁለተኛው ደረጃ የሚጀምር ማሪዮ፣ ከሦስተኛው የሚጀምር ማሪዮ፣ ኮንትራ፣ ጥይቱ የተለወጠ ኮንትራ፣ እንዲህ እያለ ይደገማል። የኪሷም እንደዚያው ናት፤ ማሪዮ የጃፓኑ፣ ማሪዮ የአሜሪካው፣ ማሪዮ የአውሮፓው፣ አንድ ደግሞ ማሪዮ በቀሚስ። አብሯት የመጣው ስም የሌለው ሚሞሪ ሰንበት ሳይል ሞቷል፤ እንዳይሞት ተብሎ ቀድሞ የተገለበጠው ነው አሁን የሚሠራው። በሷም ላይ ሞከርኩ። በሷም ላይ ፈጠነብኝ።

መፍትሔው የመጣው ከወጥ ቤት ነው። እማዬ ስኒ እያጠበች ነበር። ያንን ሙዚቃ ስንት ዓመት ሙሉ ሳትፈልገው ሰምታዋለች፤ የምሽቱ ሁለት ሰዓት ዜና ሲደርስ ጌሟን ከሶኬት የምትነቅለውም እሷ ነበረች። ማሪዮ ዓለም 8 ይድረስ፣ የሚያድናት ልዕልት ጋ ለመድረስ አንድ እርምጃ ይቅረው፣ ዜና ዜና ነው። ጨዋታው ደግሞ ማስቀመጫ የለውም፤ ከተነቀለ ነገ ከአንድ ነው የሚጀመረው። በሩ ላይ ብቅ አለችና ቴሌቪዥኑን አየች።

«ምነው ዘፈኑ ቸኮለ?»

«እንዴት ቸኮለ?»

«ድሮ እንዲህ አይሮጥም ነበር። ቀስ ብሎ ነበር የሚያደነቁረኝ።»

የእህቴ ልጅና እኔ ተያየን። ያኔ ነው ነገሩን ከሥሩ መቆፈር የጀመርነው፤ የቆፈርነውም አስደናቂ ሆኖ ተገኘ።

ጃፓንና አሜሪካ ቴሌቪዥናቸው በሰከንድ 60 ሥዕል ያህል ያሳይ ነበር፤ አብዛኛው አውሮፓና የኛ አገር በነበሩበት የፓል ሥርዓት ደግሞ 50። የአሜሪካና የአውሮፓ መብራት ድግግሞሽ ነው መነሻው፤ የኛም ሶኬት 50 ኸርዝ ነው። ፋሚኮም ውስጥ ያለ ጨዋታ ሰዓት የለውም፤ ጊዜን የሚቆጥረው በሥዕሉ ነው። አንድ ሥዕል በወጣ ቁጥር ማሪዮ አንድ እርምጃ ይራመዳል፣ ሙዚቃውም አንድ ምት ይሄዳል። እንግዲህ ለ60 የተሠራን ጨዋታ በ50 ካሳያችሁት ዓለሙ በሙሉ ወደ 17 በመቶ ገደማ ይዘገያል። ላይ ተጽፎ የሚቀንሰው የጨዋታው ሰዓት እንኳ በየ24 ሥዕሉ አንድ ነው የሚወርደው፤ 400 ተብሎ የሚጀመረው በ60 ኸርዝ 160 ሰከንድ ሲሆን በ50 ግን 192 ሰከንድ ነው። ግማሽ ደቂቃ ተጨማሪ ዕድሜ።

ኒንቴንዶ ራሱ ይህን አውቆ ለአውሮፓ ያወጣውን ማሪዮ ፍጥነት ጨምሮበታል፤ ስለዚህ የኪሷ ጌም ላይ ያለውን የአውሮፓውን ማሪዮ ከፍቼ ያ ነው ብል አይሆንም፣ ያ ታክሞ የወጣ ነው። የኛዋ የጅዳ ጌም ግን የኒንቴንዶ አልነበረችም። በታይዋንና በቻይና ፋብሪካዎች ከፋሚኮም ተቀድተው ስንቱ አገር ገብተው የኖሩት የነዚያ ማሽኖች ዘር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ሩሲያ ውስጥ መሸጥ የጀመረው ዴንዲ ከመካከላቸው ስም ያወጣው ነው። ለ60 የተጻፈውን ጨዋታ ካሴት ውስጥ እንዳለ ገልብጠው፣ ማሽኑን ግን ለ50 ቴሌቪዥን አበጅተው ላኩት። ማንም አላከመውም። እኛ ማሪዮ ብለን የተማርነው እሱን ነው፤ እጃችን የለመደውም በዚያ ዝግታ ነው። የማሪዮ ፈጣሪ ሚያሞቶ የሠራውን ጨዋታ በሠራው ፍጥነት አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያየሁት በአርባ ዓመቴ፣ በቅጂ ላይ፣ የኮምፒውተር ትምህርት ልትሰጥ በተፈጠረች ሰሌዳ ነው።

ይኸው ነው ኢሙሌተሮችን የሚወዱ ሰዎች ሲከራከሩ የማላገኘው ነገር። ትክክለኛነት፣ ትክክለኛነት ይላሉ፤ ዋናውን ማሽን ሳይዛነፍ መድገም። መልካም። የማን ማሽን? ቶኪዮ የነበረው ልጅ ማሽን ነው የሚደገመው። የኛ ሰፈሩ፣ የአማኑም፣ የኖቮሲቢርስኩም ልጅ የተጫወተው በተዛባ ማሽን ነው፤ ለኛ የተዛባው ነው ትክክለኛው።

እንዲህ ብዬ ንግግር እያደረግሁ ሳለ የእህቴ ልጅ ሜኑ እየፈተሸ ነበር።

«ጋሼ፣ እዚህ አለ እኮ።»

«ምን?»

«ዴንዲ።»

ሬትሮፓይ ውስጥ የፋሚኮምን ጨዋታ የሚያጫውተው አንዱ ኢሙሌተር፣ ኤፍሲኢዩኤምኤም የሚባለው፣ ማስተካከያው ላይ የአገር ምርጫ አለው፦ ራስህ ምረጥ፣ ኤንቲኤስሲ (የጃፓንና የአሜሪካው)፣ ፓል፣ ዴንዲ። የሆነ ቦታ፣ ኮድ የሚጽፍ ሰው፣ የኛን የቅጂ ማሽን እንደ አንድ ራሱን የቻለ ማሽን ቆጥሮ ቦታ ሰጥቶታል። ንግግሬን ዋጥኩ። ፓልን ብትመርጡ ዝግታው ይመጣል፣ ግን ድምፁም ይወፍራል፤ የኒንቴንዶ የአውሮፓ ማሽን ልቡም ቀርፋፋ ስለነበር ነው። ዴንዲ ግን የልቡ ምት ከጃፓኑ እምብዛም አይለይም፤ 1.77 ሜጋኸርዝ ነው። ስለዚህ ዜማው በቁመቱ ይቆያል፣ አካሄዱ ብቻ ይረጋጋል። ዴንዲን መርጠን ከፈትነው። ከወጥ ቤት ድምፅ መጣ፦ «እ! ይሄ ነው።» የድምፅ መሐንዲስ ከዚህ የበለጠ ምስክርነት አይሰጥም።

አላበቃም። ሙዚቃው ተስተካከለ፣ ሥዕሉ ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ማሪዮ በሮጠ ቁጥር መሬቱ ይሸረፋል። የእህቴ ልጅ «ስታክ እያደረገ ነው» አለ፤ አላደረገም። ቴሌቪዥኑ በ60 እየሠራ በ50 የሚመጣለትን ሥዕል ሲቀበል አንዳንዱን ሁለት ጊዜ እያሳየ ነው የሚያሟላው። ፓይዋ ለዚህም መድኃኒት አላት። ጨዋታ ሊከፈት ሲል አንድ ቁልፍ ብትጫኑ ሬትሮፓይ ቪዲዮ ሞድ ያስመርጣችኋል፤ 19ኛው 720ፒ በ50 ኸርዝ ነው። መረጥነው። ቴሌቪዥኑ ጨለመ፣ ለአፍታ ልባችን ቆመ፣ ተመልሶ በራ። እንዲያ ለስላሳ ሆኖ ሲንሸራተት አይቼው አላውቅም። የመጀመሪያዋን እንጉዳይ ረገጥኳት። ጉድጓዱን ተሻገርኩ። እጄ ያልኩትን ሳይሆን ያወቀውን አደረገ።

የኪሷ ጌም ስክሪኗ በ60 የተወሰነ ስለሆነ ይህን ጸጋ አልታደለችም፤ በዴንዲ ስትከፈት መንቀጥቀጧ አይቀርም። ስለዚህ ለእህቴ ልጅ ተለቀቀች። እሱ ለማንኛውም የሚጫወተው ሌላ ነው፤ ሲሞትም ወደ ኋላ የሚያጠነጥን ቁልፍ አለው። ይህን ቁልፍ አይቼ ብዙ ተናግሬያለሁ። ኮንትራ ላይ 30 ነፍስ የሚሰጠውን የኮናሚን ኮድ፣ ላይ ላይ ታች ታች ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ ቢ ኤ፣ ስንት ልጅ ለስንት ማስቲካ እንደሸጠው ነገርኩት። «ጋሼ፣ ለምን ወደ ኋላ አትመልሱትም ነበር?» አለኝ። ይህም ትውልድ ነው።

ማታ ሲልቨር ስፕሪንግ በቪዲዮ ደወልኩ። ቴሌቪዥኑን አዙሬ አሳየሁት።

«ምነው ደከመው ሰውዬው?» አለ።

ሁሉንም አስረዳሁት። አልተቀበለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ኒንቴንዶ ራሱ 30 ጨዋታ ከትቶ ያወጣትን ትንሿን ማሽን ገዝቶ ሳሎኑ ውስጥ አኑሯል፤ አነሳና በካሜራው ፊት አወዛወዛት። እሷ በ60 ነው የምትሮጠው፤ በሷ ለምዷል። ዋናው ይሄ ነው አለኝ፣ የምታጫውተኝ ስሎው ሞሽን ነው አለኝ። ስንከራከር ነገሩ ከኸርዝ ወጥቶ ወደ ድሮው ጉዳይ ገባ፤ ከሁለታችን ማን ነው መጀመሪያ ጨዋታውን የጨረሰው? እኔ ነኝ፤ ሰፈሩ ያውቃል። እሱ 8-3 ላይ መዶሻ ወርዋሪዎቹን ማለፍ አቅቶት ነው የቀረው። አሁን አዲስ መከራከሪያ አገኘ፦ በ50 ኸርዝ የተጨረሰ አይቆጠርም፣ ግማሽ ደቂቃ ትርፍ ተሰጥቶሃል።

«አንተስ ያው ትርፍ አልተሰጠህም?»

«እኔማ አልፌያቸው ነበር! ልዕልቲቱ ጋ ልደርስ ስል ነው ለዜና የተነቀለብኝ። እስኪ እትዬን አምጣት፣ ትመስክር።»

ስልኩን ለእማዬ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ ስክሪኑን ቀረብ ራቅ አደረገችና ሰላምታውን አዳረሰች፤ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ብርዱን ጠየቀች። ከዚያ ጥያቄው ቀረበላት።

«እኔ?» አለች። «እኔ ነቅዬ አላውቅም። ሁልጊዜ መብራት ነበር የሚሄደው።»